ተርሞስታቱን ሳንጥል፣ ባለሱቁንም ሳንወቅስ



ከማስተማር ልምምድ ስንመለስ የተቋማችን አሮጌ ላንድሮቨር ዳገት ላይ ፈላችብን። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩን አልፎ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሰልጣኝ ወርዶ፣ እጁን በሹራቡ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ሾፌራችን ክንዱን ቀጨም አድርገው ያዙት።

«ተው ልጄ! ፊትህን ትፈልገዋለህ» አሉት።

«ጋሼ፣ ውሃ ልጨምርላት ብዬ እኮ ነው» አለ ልጁ።

«ውሃው የትም አይሄድም፤ አንተም አትሂድ» ብለው ሁላችንንም መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጡን።

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት እንደቆየ፣ ጋሼ ከሞተሩ አናት ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አደረጉ። «ሞተሩ እየነደደ ይኼ ቱቦ ለብ ያለ ነው። ውሃው አልተላለፈም ማለት ነው። ተርሞስታቱ ተጣብቋል» አሉ። በዚያ ቀን በሌላ መኪና ተጎትተን ገባን። ከዚያ በኋላ በቴክኒክ ክበባችን የሆነውን፣ የሠራነውን ስሕተት ጭምር፣ እንደሚከተለው እናቀርባለን። ስሕተቱን መደበቅ እንችል ነበር። ነገር ግን ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምር ሰዎች ነንና፣ ካሳካነው ይልቅ የተሳሳትነው ለአንባቢ ይጠቅማል ብለን አመንን።

ተርሞስታት ምን ይሠራል?

ሞተር ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናስበው ግን ሞተር ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ሲሠራም እንደሚጎዳ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም። ያልተነነው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። እርጥበትም ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ዝቃጭ ይሆናል። የመጀመሪያው ድንገተኛ ሞት ነው፤ ሁለተኛው ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ ነው።

ተርሞስታት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ዘበኛ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። የተወሰነለት ሙቀት ላይ ሲደርስ በሩን ከፈት ያደርግና ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ዘበኛ ያለ መብራት፣ ያለ ሽቦ በሩን እንዴት ይከፍታል? ምስጢሩ ሰም ነው። በተርሞስታቱ መካከል ያለችው ትንሽ የናስ ኩባያ ውስጥ ሰም ታሽጓል። ሰም ሲቀልጥ መጠኑ ከአሥር በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። መሄጃ ስለሌለው አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ይገፋል፤ በዚህም ግፊት ቫልቩ ይከፈታል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተርና እስፕሪንጉ ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል። ይህን የሰም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የፈጠረው ሰርጂየስ ቬርኔ የተባለ መሐንዲስ ነው። በድሮ ሞተሮች ላይ ከዚያ የቀደመውም ዓይነት ያጋጥማል፤ እርሱ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈና በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ የተሞላ ቀጭን የብረት ከረጢት አለው።

«አውጥተህ ጣለው!»

ተርሞስታት ሲበላሽ በየጋራዡ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ «አውጥተህ ጣለው! ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ ምን ያደርጋል?» ይባላል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ክርክሩን ያነሳው ሰው ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። በክረምት ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር ያስነሳ ሰው አገሩ ሞቃት ነው ይላል? ሞቃት አገርም ቢሆን፣ የውጭው አየር 35 ዲግሪ ሲሆን ሞተሩ የሚፈልገው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእኛዪቱ ላንድሮቨር ሞተር 2,286 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሲሪስ ሁለት፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ በሲሪስ ሦስት ላንድሮቨሮች ላይ ተገጥሟል። በዚህ ሞተር ላይ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአጭር መንገድ ወደ ፓምፑ የሚመለስበት ቀጭን ቱቦ አለ። ትክክለኛው ተርሞስታት ከቫልቩ ጋር የሚንቀሳቀስ ቀሚስ መሰል ቀለበት አለው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ሲከፍት በቀሚሱ ደግሞ ይህን አጭር መንገድ ይዘጋል። ተርሞስታቱን አውጥተን ብንጥለው አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ፣ ጭነት ተይዞ፣ እንዳትሞቅ ብለን የጣልነው ዕቃ በመጣሉ ምክንያት ልትሞቅ ትችላለች ማለት ነው።

ከመፍታት በፊት መጠርጠር

መኪና ፈላች ማለት ሁልጊዜ ተርሞስታት ተበላሸ ማለት አይደለም። ስለሆነም ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት የሚከተሉትን በየተራ እናያለን።

1ኛ/ ውሃው በቂ ነው ወይ? የሚያንጠባጥብ ቱቦ አለ ወይ?

2ኛ/ ማራገቢያውንና ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ወይ?

3ኛ/ የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በነፍሳት ተደፍኗል ወይ? ውስጡስ በዝገት ተዘግቷል ወይ?

4ኛ/ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጥቷል ወይ? ከሆነ ጥፋቱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል፤ ተርሞስታት መቀየር አያድነውም።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው፣ መርፌው በፍጥነት እየወጣ የላይኛው ቱቦ ግን ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ከሆነ፣ ተርሞስታቱ ተዘግቶ እንደተጣበቀ ብርቱ ምልክት ነው። በተቃራኒው ሞተሩ ለመሞቅ ብዙ ከዘገየ፣ የላይኛውም ቱቦ ሞተሩ እንደተነሳ ቀስ እያለ መሞቅ ከጀመረ፣ ተከፍቶ ቀርቷል ብለን እንጠረጥራለን።

እዚህ ላይ ጋሼ ለምን የልጁን ክንድ እንደያዙ እናስረዳ። የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ ይይዛል፤ የታፈነ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። 0.6 ባር የሚይዝ ክዳን ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ውሃው እስከ 109 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ የተከፈተ ዕለት ግን አፈናው በቅጽበት ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ትኩስ ውሃ ባንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ላይ ይፈነዳል። ሹራብ አያድንም። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው። እንደዚሁም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የተጣበቀውን ማውጣት

በማግሥቱ ሞተሩ በርዶ ሥራ ጀመርን። ውሃውን ከራዲያተሩ ሥር በሳፋ ቀዳን። የማቀዝቀዣ ኬሚካል ያለበት ውሃ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ሊጠጣው ስለሚችል መሬት ላይ አይደፋም። ከዚያ የቱቦውን ማሰሪያ በካቻቢቴ አላልተን ቱቦውን እያወዛወዝን አወጣን።

የተርሞስታቱ ቤት በቴስታታው ፊት ለፊት፣ በሦስት ረጃጅም ብሎኖች ታስሯል። እንግዲህ ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ለብዙ ዓመት ያልተነካ ብሎን በዝገት ከቤቱ ጋር ተጋብቷል። በጉልበት ከታገልነው አንገቱ ይቆረጥና የአንድ ሰዓት ሥራ የሦስት ቀን ይሆናል። የሚከተለው ዘዴ እኛን ጠቅሞናል።

ሀ/ ዝገት የሚያላላ ዘይት በየብሎኑ ሥር አንጠባጥበን አሳደርነው።

ለ/ ልክ የሆነ ቁልፍ መረጥን። የእነዚህ መኪናዎች ብሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው። የሚሊሜትር ቁልፍ የገባ ይመስልና የብሎኑን ጥግ ይልጠዋል።

ሐ/ የብሎኑን ራስ በመዶሻ በስሱ መታ መታ አደረግነው። ዓላማው ዝገቱን መንቀጥቀጥ እንጂ ብሎኑን መቀጥቀጥ አይደለም።

መ/ ከመፍታት በፊት በትንሹ ጠበቅ አደረግን፤ ከዚያ ሩብ ዙር ፈታን፤ መልሰን ጠበቅ አደረግን፤ ዘይት ጨመርን። አንደኛው ብሎን እንዲህ ወደፊትና ወደኋላ እየተባለ ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል። ግን ሳይቆረጥ ወጣ።

ብሎኖቹ ወጥተውም ቤቱ አልላቀቅ አለ። አንዱ ካቻቢቴ ይዞ በመጋጠሚያው ውስጥ ሊሰካ ሲል መምህራችን ከለከሉት። መጋጠሚያው አንድ ጊዜ ከተጫረ ማንኛውም ጓርኒሲዮን ውሃ አይዝም። በእንጨት ቁራጭና በመዶሻ ከግራና ከቀኝ ቀስ እያሉ መምታት በቂ ሆነ። ተርሞስታቱ ራሱም በነጭ ቅርፊትና በዝገት ተቀብሮ ነበር። ዙሪያውን በዘይት አርሰን፣ ጠርዙን በእንጨት እየነካካን፣ በፒንሳ ጠርዙን ይዘን እያዞርን አወጣነው። ወዲያውም ጨርቅ በቀዳዳው ወተፍን፤ የሚፋቀው ቆሻሻ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

በድስት የተደረገው ፈተና

አሮጌውን ድስት ውስጥ ጨምረን አፈላነው። ውሃው ተንተከተከ፤ ተርሞስታቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ ሞቷል። ገንዘብ አዋጥተን አዲስ ገዛን። በላዩ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። «እስቲ እርሱንም እንየው» ብለን በዚያው ድስት ከተትነው። ውሃው ፈላ፣ ተንተከተከ፤ አዲሱ ተርሞስታት ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ተከፈተና ቆመ። አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ አልጨመረም።

እንዴት ተናደድን! «በ82 መከፈት ያለበት ዕቃ በ100 ዲግሪ ግማሽ ብቻ? ባለሱቁ የማይረባ ዕቃ ሸጦልናል» ተባለ። ሁለት ልጆች ተርሞስታቱን በፌስታል ይዘው ሊሄዱ፣ ምን ብለው እንደሚናገሩትም ሊመካከሩ ጀመሩ። «ሌባ» የሚለው ቃልም ከአንዳችን አፍ ወጥቷል።

የፊዚክስ መምህራችን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ውሃው መቶ ዲግሪ መሆኑን ማን ለካው?»

ዝም አልን። ማንም አልለካውም። መቶ ነው ያለው መጽሐፉ ነው። ቴርሞሜትር መጥቶ ሲለካ፣ እየተንተከተከ ያለው ውሃ 92 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብንል ብዙ አንሳሳትም። በዚህ ስሌት በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ 92፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን 91 እንኳ የማይሞላ፣ በ1,200 ሜትር አካባቢ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላል ማለት ነው። ይህን ትምህርት ሁላችንም ተፈትነን አልፈንበታል። ድስቱ አጠገብ ስንቆም ግን አንዳችንም አላስታወስነውም።

ተርሞስታቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚነግረን መከፈት የሚጀምርበትን ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከዚያ በላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ የ82ቱ ተርሞስታት ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድረስ ከ92 በላይ ይፈልጋል፤ የእኛ ድስት ደግሞ ከ92 አያልፍም። 88 የተጻፈበት ቢሆን ኖሮ ገርበብ ብቻ ይል ነበር። ሞተር ውስጥ ግን ክዳኑ ውሃውን ስለሚያፍን ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ተርሞስታቱም ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ዕቃው ደኅና ነበር። ባለሱቁም ደኅና ሰው ነበር። የተሳሳተው ፍርዳችን ነበር።

እንግዲህ በደጋ አገር ተርሞስታት የሚፈተነው እንዲህ ነው። ቫልቩን በጥፍር ከፈት አድርጎ የስፌት ክር በመሃሉ ማስገባትና ቫልቩ ክሩን እንዲነክሰው መልቀቅ። ከዚያ በክሩ አንጠልጥሎ የድስቱን ወለል ሳይነካ ውሃው ውስጥ ማጥለቅ። ቴርሞሜትሩም ወለሉን አይነካም። ውሃውን በቀስታ እያማሰሉ ማሞቅ። ቫልቩ መከፈት ሲጀምር ክሩን ይለቅና ተርሞስታቱ ይወድቃል። በዚያች ቅጽበት የሚነበበው ሙቀት ከተጻፈው ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ደኅና ነው። የእኛው አዲስ ተርሞስታት ከ82 ብዙም ሳይርቅ ወደቀ። አሮጌው እስከ መጨረሻው ክሩን ነክሶ ቀረ።

መልሶ መግጠም

መጋጠሚያዎቹን ከአሮጌ ጓርኒሲዮን ፍቀን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳን። ሲገጠም የሰሙ ኩባያና እስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ማለትም ወደ ትኩሱ ውሃ ይዞራሉ። ተገልብጦ ከተገጠመ ሰሙ ትኩሱን ውሃ በወቅቱ ስለማያገኝ አዲሱም እንደ ተበላሸ ይሆናል። በጠርዙ ላይ ትንሽ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ካለና ተርሞስታቱ በቁሙ የሚገጠም ከሆነ ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን። አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል፤ አሮጌውን መልሶ መጠቀም ቁጠባ አይደለም። የብሎኖቹን ጥርስ ግራሶ ቀብተን ሦስቱንም በየተራ ትንሽ በትንሽ አጠበቅን። አንዱን ቀድሞ መጨረስ ቤቱን ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል። ግራሶውም ከዓመታት በኋላ ለሚፈታው ሰው የተተወ ደግነት ነው።

በመጨረሻ ውሃው በቀስታ ተሞላ። የራዲያተሩን ክዳን ሳንዘጋ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳነው። ተርሞስታቱ ሲከፈት የተቆለፈው አየር ወጥቶ የውሃው ደረጃ ዝቅ አለ፤ ጨምረን ክዳኑን ዘጋን። የላይኛው ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆየና ድንገት ሞቀ። ጋሼ በእጃቸው ጀርባ ነክተው «አሁን ዘበኛው ነቃ» አሉ።

ወደ ክፍል ስንገባ

ከዚህ ሥራ ያተረፍነው የሚሄድ መኪና ብቻ አይደለም። አንድ ድስት፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ክርና ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ተርሞስታት ካለ፣ የቁስ መስፋፋት፣ የአየር ግፊትና የመፍያ ነጥብ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይታያሉ። ተማሪዎቹ በየአምስት ዲግሪው ቫልቩ ምን ያህል እንደተከፈተ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። ውሃው ስንት ላይ እንደሚፈላ አስቀድመው ይገምቱ፤ አብዛኞቹ «መቶ» ይላሉ። መምህሩ አይከራከር፤ ቴርሞሜትሩን ይስጣቸው። የፈላውን ውሃና እሳቱን ግን መምህሩ ራሱ ይቆጣጠር።

አሮጌው ተርሞስታት አልተጣለም። ከነዝገቱ በዚህ ጋዜጣ ሥር በሚስማር ተንጠልጥሏል። ያ በፌስታል ሊመለስ የነበረው ደግሞ ላንድሮቨሯ ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነው። ባለሱቁ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ሳምንት ሳይሞላ ጓርኒሲዮን ልንገዛ ስንሄድ «ዕቃው ሠራላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «አዎ፣ ደኅና ነው» አልነው፤ ዓይኑን ደፍረን ለማየት ግን ትንሽ አፍረን ነበር።